ጋላክሲን በጥላው መፈተን

ስለ ጋላክሲዎች አፈጣጠር የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በፎቶግራፍ ይታጀባል፦ ከዋክብት የፈኩበት ጠመዝማዛ ክንድ፣ መሀሉ ላይ ቢጫ እምብርት፣ ዙሪያው ድቅድቅ ጨለማ። ፎቶግራፉ አይዋሽም፤ የሚያሳየው ግን ሥራው ያለቀለትን ክፍል ብቻ ነው። ኮከብ ማለት ቀደም ብሎ የወደቀ፣ የቀዘቀዘና የተጨመቀ ጋዝ ነው። ጋዙ ከየት መጣ፣ በምን መንገድ ገባ፣ ምን ያህሉስ በከዋክብት ፍንዳታ ተገፍቶ ተመልሶ ወጣ? መልሱ ያለው ፎቶግራፉ ላይ ጨለማ ሆኖ በቀረው ስፍራ ነው። ዩኒቨርስ የሁለት ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ላይ ሳለ ከተራው ቁስ እጅግ የሚበዛው ገና ኮከብ አልሆነም ነበር። በጋላክሲዎች ዙሪያና በመካከላቸው የተዘረጋ ስስ ጋዝ ነበር፤ የራሱ ብርሃን ደግሞ ከመድከሙ የተነሣ በቴሌስኮፕ ለማየት አዳጋች ነው። ስለዚህ የጋላክሲን አፈጣጠር አስረዳለሁ የሚል ስሌት በከዋክብቱ ብርሃን መፈተኑ አይበቃውም፤ ጋዙ በሚጥለው ጥላም መፈተን አለበት። ይህ ምዕራፍ አንድ እርምጃ ጨምሮ ይሄዳል፦ ከሁለቱ ዳኞች የሚከብደው ጥላው ነው።

ጥላ እንዲኖር ከኋላ መብራት ያስፈልጋል። መብራቱ የታወቀው በ1963 ነው፤ በዚህ ምዕራፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ዓመት ማርተን ሽሚት 3ሲ 273 የተባለች፣ ተራ ኮከብ የምትመስል ነጥብ የብርሃኗ መስመሮች 16 በመቶ ያህል ወደ ቀይ ተንሸራተው አገኙ። ያ ማለት ነጥቧ ከእኛ ከሁለት ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ትርቃለች ማለት ነው። ኳሳር የሚባሉት እነዚህ አካላት በጋላክሲ እምብርት ያለ ግዙፍ ብላክ ሆል ጋዝ ሲስብ የሚፈነጥቁት ብርሃን ናቸው፤ ድምቀታቸው አጠገባቸው ያሉትን ቢሊዮኖች ከዋክብት ይሸፍናል። ብርሃኑ ሞገዱ አራት እጥፍ ተለጥጦ የሚደርሰን አንድ ኳሳር እንውሰድ። ኤሌክትሮኑን ያላጣ የሃይድሮጅን አተም በ121.6 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ይመጥጣል፤ ይህ መስመር ላይማን አልፋ ይባላል። ከኳሳሩ ራሱ የወጣው የላይማን አልፋ ብርሃን እኛ ዘንድ ሲደርስ 486 ናኖ ሜትር ሆኗል፣ ለዓይን አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ። በመንገዱ ላይ ግን ሕዋ እየሰፋ፣ ሞገዱም እየተለጠጠ ስለነበር፣ መሀል ላይ ያገኘው እያንዳንዱ ጋዝ በዚያች ቅጽበት 121.6 ላይ የደረሰውን ቀለም ቆርጦ አስቀርቷል። የተቆረጠው ቦታም ከዚያ ወዲህ ከቀሪው ብርሃን ጋር አብሮ ይለጠጣል። ከዚያ ስፍራ ወዲህ መለጠጡ ሦስት ተኩል እጥፍ ብቻ የሆነለት ጋዝ ጥቁር መስመሩ 426 ናኖ ሜትር ገደማ ላይ ይወድቃል፤ ለእኛ የቀረበው ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ። ስለዚህ የመስመሩ ቦታ ጋዙ በየትኛው ዘመን እንደነበረ፣ ጥልቀቱ ምን ያህል ሃይድሮጅን እንዳለ፣ ስፋቱ ደግሞ ጋዙ እንዴት እንደሞቀና እንደሚንቀሳቀስ ይናገራል። ከኳሳሩ ጫፍ ወደ ሰማያዊው በኩል እንዲህ ያሉ መስመሮች በመቶዎች ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ የላይማን አልፋ ደን የተባሉትም ለዚህ ነው።

ይህ ምስክርነት አንድ ትልቅ ብልጫ አለው። ቴሌስኮፕን ወደ ሰማይ አዙረን ጋላክሲ ስንፈልግ ቀድመው የሚታዩን ደማቆቹ ናቸው፤ ደብዛዛዎቹ ከቁጥር ይወድቃሉ። የኳሳር ብርሃን ግን መንገዱ ላይ ማን እንዳለ አያውቅም። ደማቁንም ደብዛዛውንም፣ ኮከብ ያለውንም ምንም የሌለውንም ጋዝ በያዘው ስፋት ልክ ያገኘዋል። አድልዎ ጨርሶ የለበትም ማለት አይቻልም፤ አቧራ የበዛበት ጋዝ ከኋላው ያለውን ኳሳር አደብዝዞ ከምዝገባ ሊያስወጣ ይችላል። ቢሆንም አድልዎው ከፎቶግራፍ አድልዎ የተለየ ነው፤ ሁለት የተለያየ ድክመት ያላቸው ምስክሮች በአንድ ነገር ከተስማሙ ቃላቸው ክብደት አለው።

የጥላው ችግር ደግሞ አሌ የማይባል ነው። የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ከአንዲት ቀጭን ቀዳዳ ባወጣው አፈር የመንደሩን ምድር ሁሉ ለመገመት እንደሚገደድ፣ እዚህም ያለን በሦስት አቅጣጫ ከተዘረጋ ነገር ውስጥ አንዲት የብርሃን መንገድ ብቻ ናት። ችግሩ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል የደኑ ታሪክ ራሱ ያሳያል። በ1965 ጀምስ ገንና ብሩስ ፒተርሰን አንድ ቀላል ግን ኃይለኛ ሐሳብ አቀረቡ፦ በጋላክሲዎች መካከል ያለው ሃይድሮጅን ከመቶ ሺህ አተሞቹ አንዱ እንኳ ኤሌክትሮኑን እንደያዘ ቢሆን ኖሮ፣ ከኳሳሩ ላይማን አልፋ ወደ ሰማያዊው በኩል ያለው ብርሃን በሰፊው በተመጠጠ ነበር። ስላልተመጠጠ ጋዙ በአልትራቫዮሌት ጨረር ተመትቶ ኤሌክትሮኑን አጥቷል። ይህ እስከ ዛሬ የጸና ነው። ነገር ግን በየቦታው የሚታዩት ነጠላ መስመሮች ምንድን ናቸው? በ1980 በዋላስ ሳርጀንት የተመራው ጥናት የሰጠው መልስ፣ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው የተንሳፈፈ፣ በዙሪያው ባለ ሞቃት ጋዝ ግፊት የተያዘ ደመና ነው የሚል ነበር። በ1986 ማርቲን ሪስ ግፊቱን ትተው፣ ደመናውን የያዘው የትናንሽ ጥቁር ቁስ (ብርሃን የማይሰጥ፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ቁስ) ክምችቶች ስበት ነው አሉ። ሁለቱም ሐሳቦች ውሃ የሚያነሱ ነበሩ፤ ሁለቱም አንድን መስመር በደንብ ያስረዳሉ። ሁለቱም ግን አንድ መስመር ሲያዩ አንድ ዕቃ አሰቡ።

ይህን የሰበረው በ1994 የተገናኙ ሁለት ነገሮች ናቸው። በሰማይ ላይ ተጠጋግተው የሚታዩ ሁለት ኳሳሮችን ያጠኑ ቡድኖች፣ በመቶ ሺዎች የብርሃን ዓመት በሚራራቁት ሁለት የብርሃን መንገዶች ላይ አብዛኞቹ መስመሮች በሁለቱም እንደሚገኙ አዩ። ትናንሽ ደመናዎች ይህን ማድረግ አይችሉም። በዚያው ዓመት ሬንዩ ሴን፣ ጄረማያ ኦስትራይከርና ባልደረቦቻቸው አንድ የዩኒቨርስ ቁራጭ በኮምፒውተር አስልተው በውስጡ ሰው ሠራሽ የብርሃን መንገዶችን አሳለፉ። ሥራው ያረካል የምለው ባላስገቡት ነገር ምክንያት ነው። ደመና የሚባል ነገር በስሌቱ ውስጥ አላስቀመጡም። ያስቀመጡት ስበትን፣ ሃይድሮጅንና ሂሊየምን፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቃቅን የጥግግት ልዩነቶችና ጋዙን የሚያሞቀውን አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ጥቁር ቁስ በስበት ተስቦ የሸረሪት ድር የመሰለ መረብ ሠራ፤ ጋዙ ተከተለው፤ በመረቡ ክሮች መካከል የተሰደደው ብርሃን ደኑን ራሱን ይዞ ወጣ። ብዙዎቹ መስመሮች ከአማካዩ እምብዛም ባልበለጠ ጥግግት፣ በአንድ ሜትር ኩብ ጥቂት አሥር አተሞች በያዘ ጋዝ የተሠሩ ሆነው ተገኙ። የዘመኑ ተመራማሪዎች ለየብቻ ሲቆጥሯቸው የኖሩት ደመናዎች የአንድ ቀጣይ መረብ ከፍታና ዝቅታ ነበሩ።

አሠራሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ «ሲሙሌሽን» ሲባል ሠዓሊ የሳለው ምስል የሚመስለው ብዙ ነውና። ስሌቱ የሚጀምረው ከጥንቱ የማይክሮዌቭ ጨረር ከተለኩት ጥቃቅን ልዩነቶች ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን የቁስ ቁራጭ ስበት፣ የጋዙን ግፊት፣ መሞቅና መቀዝቀዝ ደረጃ በደረጃ እያሰላ ጊዜን ወደፊት ይገፋል። በሚፈለገው ዘመን ላይ ሲደርስ በዘፈቀደ በተመረጡ በሺህ የሚቆጠሩ የብርሃን መንገዶች ላይ የሃይድሮጅኑ መጠን፣ ሙቀትና ፍጥነት ይነበባል፤ ከነዚህም በእያንዳንዱ መንገድ ላይ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመጠጥ ይሰላል። ቀጥሎ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ወሳኝ የሆነ ሥራ አለ፦ ስሌቱ እንደ እውነተኛው ቴሌስኮፕ ሆን ተብሎ ይበላሻል። በሃዋይ ማውና ኬያ ላይ ባለው በኬክ ቴሌስኮፕ እንደሚታየው ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ጫጫታ ይጨመርበታል። ያኔ የተሰላውና የታየው በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ። የሚወዳደሩትም አንድ ከአንድ አይደሉም፤ የትኛው ጥልቀት ስንት ጊዜ ይከሰታል፣ መስመሮቹ እንዴት ይጠጋጋሉ የሚለው ነው። የአንዲት የብርሃን መንገድ ድህነት በሺዎች ብዛት የሚካሰው በዚህ መንገድ ነው። ዴዚ የተባለው የኳሳርና የጋላክሲ ቆጠራ በመጀመሪያ ዓመቱ መረጃ ብቻ ከ420,000 የሚበልጡ በሞገድ ርዝመት የተዘረጉ የኳሳር ብርሃን መዝገቦችን (ስፔክትረሞችን) ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አቅርቧል።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ፣ ስሌቱ መልሱን አውቆ የተስተካከለ ነው የሚል ነው። በከፊል እውነት ነው። የአልትራቫዮሌት ጨረሩ ጥንካሬ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው ደኑ በአማካይ ከሚያሳልፈው ብርሃን ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ነው። ነገር ግን አንድ ቁጥር ማስተካከል አንድን ነገር ብቻ ይገዛል። አማካዩ ከተገጠመ በኋላ የመስመሮቹ ስፋት፣ የጥልቀታቸው ስርጭትና መቀራረባቸው ያለ ተጨማሪ ፈቃድ መውጣት አለባቸው። ከባዱ ጉዳይ ከዋክብት የሚፈጠሩበት የጋላክሲው ውስጥ ነው። በ2015 የወጣው ኢግል የተባለው ስሌት በትልቁ ሥራው እያንዳንዱ የጋዝ ቁራጭ 1.8 ሚሊዮን ፀሐይ ያህል ይመዝናል። በዚህ ሚዛን አንድ ሱፐርኖቫ፣ ማለትም የኮከብ ፍንዳታ፣ አይታይም፤ የፍንዳታው ኃይል ወደ ጋዙ የሚገባው በቀመር ነው፣ ቀመሩም የዛሬ ጋላክሲዎች የከዋክብት ክብደትና ስፋት እንዲገጥም ተስተካክሏል። እንግዲህ ይህ ስሌት የዛሬ ጋላክሲዎችን በክብደት በትክክል ቢያወጣ ልናደንቀው አይገባም። ፈተናው ያልተስተካከለበት ነገር ላይ ነው። ከአሥር ቢሊዮን ዓመት በፊት የነበሩት ብርሃን የሚመጥጡ የሃይድሮጅን ጋዞች፣ መጣጮች የሚባሉት፣ በማስተካከያው ውስጥ አልነበሩም፤ ኢግል ግን የብዛታቸውን ስርጭት ከታየው ጋር አቀራርቦ አውጥቷል። ተቃውሞውን በቅንነት ከተቀበልነው፣ የሚያመራን ወደዚሁ መደምደሚያ ነው፦ ብርሃኑ ለማስተካከያ ስለዋለ፣ ለፈተና የሚቀረን ጥላው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ አንድን ጥላ ብዙ ቅርጽ ሊጥለው ይችላል። ይህን በተግባር ያሳየው በሥነ ፈለክ ውስጥ ረጅም ዘመን ከወሰዱት እሰጥ አገባዎች አንዱ ነው። በ1986 አርተር ዎልፍና ባልደረቦቻቸው ከደኑ መስመሮች እጅግ የሚከብዱትን መጣጮች መመዝገብ ጀመሩ። በአንድ ሴንቲ ሜትር ካሬ ውስጥ ከ200 ቢሊዮን ቢሊዮን የሚበልጡ የሃይድሮጅን አተሞች ያሏቸው ናቸው፤ መስመራቸው ሰፊ፣ ታቹ ጥቁር፣ ግራና ቀኙ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ክብ ያለ ነው። ልኩ የተመረጠው በአቅራቢያችን ያሉ ጠፍጣፋ ጋላክሲዎች ሃይድሮጅን የሚይዙበት ውፍረት ስለሆነ ነው፤ ዎልፍም እነዚህ መጣጮች የዛሬዎቹ ጠፍጣፋ ጋላክሲዎች አያቶች ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። በ1997 ከተማሪያቸው ከዣቪየር ፕሮቻስካ ጋር በጋዙ ውስጥ ያሉትን እንደ ሲሊከን ያሉ የከባድ ንጥረ ነገሮች መስመሮች በዝርዝር አጠኑ። መስመሮቹ በሰከንድ በመቶ ኪሎ ሜትሮች የተዘረጉ ነበሩ፤ ከዚያም በላይ ብዙዎቹ ጠንካራው ክፍላቸው ወደ አንዱ ጠርዝ ያዘነብላል። በፍጥነት የሚሽከረከር ጠፍጣፋ ዲስክን አንድ የብርሃን መንገድ ሲቆርጠው የሚታየው ይኸው ነው። ሁለቱ ሊቃውንት በሰከንድ 225 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚሽከረከር ወፈር ያለ ዲስክ ነው ብለው ደመደሙ። ይህ ድምዳሜ በወቅቱ ይሰላ ከነበረው ታሪክ ጋር ይጋጫል፤ በዚያ ታሪክ ጋላክሲዎች ከትናንሾች ቀስ በቀስ ስለሚገነቡ፣ ያን ያህል ግዙፍ ዲስክ ያን ያህል ቀድሞ መብዛት አልነበረበትም።

መልሱ የመጣው በዓመቱ ነው። በ1998 ማርቲን ሄነልት፣ ማቲያስ ስታይንሜትስና ማይክል ራውክ በስሌታቸው ውስጥ ገና ያልረጉ፣ እርስ በርስ የሚጋጩና የሚዋሃዱ የጋዝ ቁርጥራጮችን አገኙ፤ የሽክርክሪት፣ የመውደቅና የግጭት እንቅስቃሴ ተደባልቆ፣ ያንኑ ሰፊና ወደ ጠርዝ ያዘነበለ መስመር ሰጠ፣ ያውም በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ባላቸው ትናንሽ ሥርዓቶች። እንግዲህ አንድ ጥላ፣ ሁለት ቅርጽ። ተቃዋሚው «አላልኩም?» ቢል እውነት አለው። በእኔ አስተያየት ግን ትምህርቱ ሌላ ነው። መስመሩ ብቻውን ዲስኩንና ቁርጥራጩን መለየት እንደማይችል ያወቅነው ከስሌቱ ነው፤ ያለ ስሌቱ የመጀመሪያው ምክንያታዊ ግምት እንደ እውነት በቆየ ነበር። ስሌቱ ደግሞ ቀጥሎ ምን መለካት እንዳለበት ጠቆመ፦ መጣጩ አጠገብ ያለውን ጋላክሲ ራሱን ማግኘት። ያ ሃያ ዓመት ገደማ ወሰደ። ኳሳሩ አጠገቡ ያለውን ደብዛዛ ጋላክሲ በብርሃኑ ስለሚውጠው፣ በተለመደው ብርሃን ፍለጋው ብዙ ጊዜ ባዶ እጅ ያስመልስ ነበር። በቺሊ በረሃ ያሉት የአልማ አንቴናዎች ኳሳሩ እምብዛም በማይደምቅበት የሞገድ ርዝመት የካርቦንን ጨረር ፈልገው በ2017 ሁለት ጋላክሲዎችን አገኙ። ጋላክሲዎቹ ከብርሃኑ መንገድ በአሥር ሺዎች የብርሃን ዓመት ርቀው ነበር፤ አንዱማ ከ100,000 በላይ። በ2020 ማርሰል ኒልማን ከፕሮቻስካና ከሌሎች ጋር ከመጣጮቹ የአንዱን ጋላክሲ በዝርዝር አሳዩ፦ ዩኒቨርስ 1.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሳለ በሰከንድ 272 ኪሎ ሜትር የሚሽከረከር ቀዝቃዛ ዲስክ፣ ክብደቱ 72 ቢሊዮን ፀሐይ። በ2014 ባረፉት ሊቅ ስም የዎልፍ ዲስክ ተባለ።

ዎልፍ ትክክል ነበሩ፣ ስሌቱ ተሳስቷል ማለት ነው? አንድ ዲስክ መገኘቱ መጣጮቹ ሁሉ ዲስክ ናቸው አያሰኝም፤ ከዚህ በኋላ የመጡ ስሌቶች አብዛኞቹን በትናንሽ ጋላክሲዎች ዙሪያ ያስቀምጣሉ። ሆኖም የጥላው ድምፅ እዚህም አልጠፋም። በ2012 መጣጮቹ ከደኑ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረቡ የለኩ ተመራማሪዎች መጣጮቹ ስሌቶቹ ከሚያስቀምጧቸው በበለጠ ግዙፍ የጥቁር ቁስ ክምችቶች ውስጥ እንደሚኖሩ አመለከቱ። ልዩነቱን ለማጥበብ የሱፐርኖቫን ግፊት በስሌቱ ማጠንከር አስፈለገ፤ ግፊቱ ትናንሾቹን ጋላክሲዎች ከጋዝ ያራቁታል፣ ጥላውም ወደ ትልልቆቹ ያዘነብላል። ልብ ይሏል፣ ይህን እርማት የጠየቀው የከዋክብት ብርሃን አይደለም።

ሦስተኛውና እስከ ዛሬ ያልተዘጋው ተቃውሞ ስለ ዝርዝር ነው። ስሌቶች ጥግግት ባለበት፣ ማለትም ከዋክብት በሚፈጠሩበት፣ ዓይናቸው የተሳለ ነው፤ ስስ በሆነው የጋላክሲ ዙሪያ ግን ይደበዝዛል፤ መጣጮቹ ያሉት ደግሞ እዚያው ነው። በ2019 የተለያዩ ቡድኖች፣ ከእነሱም ፍሪኬ ፋን ደ ቮርት የመሩት አንዱ ነው፣ ዙሪያው ራሱ በላቀ ዝርዝር እንዲሰላ አደረጉ። ማዕከላዊው ጋላክሲ በአጠቃላይ ባሕርዩ ብዙም አልተለወጠም። በዙሪያው ብርሃንን አጥብቆ የሚመጥጥ ቀዝቃዛ ሃይድሮጅን የሚሸፍነው ስፋት ግን ወደ እጥፍ ተጠጋ። አንዳንድ ንድፈ ሐሳቦች ቀዝቃዛው ጋዝ ከአንድ የብርሃን ዓመት ባነሱ ጠብታዎች ሊሰባበር እንደሚችል ይናገራሉ፤ ይህን ያህል ጥቃቅን ነገር ሙሉ ጋላክሲ በያዘ ስሌት ለመድረስ ገና ብዙ ይቀራል። ተቃዋሚው እንግዲህ «ቁጥራችሁ አልረጋም» ይላል። አልረጋም፤ ይህ በግልጽ መነገር አለበት፣ አንድ ስሌት በጋላክሲ ዙሪያ ስላለው ቀዝቃዛ ጋዝ የሚሰጠውን ቁጥር እንደ ልኬት የሚያቀርብ ጽሑፍ አንባቢውን ያሳስታል። ነገር ግን ይኸው ሙከራ የምዕራፉን ክርክር የሚያጠናክር ነገር ያዘለ ነው። በከዋክብታቸው የማይለያዩ ሁለት የተሰሉ ጋላክሲዎች በጥላቸው ተለያዩ። ፎቶግራፍ ብቻ ቢኖረን ሁለቱንም እኩል በተቀበልናቸው ነበር።

አሁን ጥያቄው የጋለው ከዚህም ወደ ኋላ፣ ዩኒቨርስ የአንድ ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ በነበረበት አካባቢ ነው። በዚያ ዘመን ደኑ ተዘግቶ ጨለማ ስለሚሆን የሃይድሮጅን መስመር ብዙ አይነግረንም፤ በ2001 በዚህ ርቀት ላይ ያለ ኳሳር ስፔክትረም ገንና ፒተርሰን የተነበዩትን ሙሉ ጥቁረት አሳይቷል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ከባዶቹ ንጥረ ነገሮች ዞሩ፤ በተለይ ሁለቱ ጥንድ ምስክሮች ናቸው። ኤሌክትሮን ያላጣ ኦክስጅን ለመሰበር፣ ማለትም ኤሌክትሮን ለማጣት፣ የሚፈልገው ኃይል ከሃይድሮጅን ጋር አንድ ያህል፣ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ፣ እሱ ባለበት ሃይድሮጅኑም አልተሰበረም። ሦስት ኤሌክትሮን ያጣ ካርቦን ግን ወደዚያ ደረጃ ለመድረስ ወደ 48 ኤሌክትሮን ቮልት ይፈልጋል፤ እሱ ያለበት ቦታ ብርቱ ጨረር ያለበት ስስ ጋዝ ነው። ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር የኦክስጅኑ መስመሮች ይበዛሉ፣ የካርቦኑ ደግሞ በ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ብዙ እጥፍ ያንሳሉ። የሁለቱ ተቃራኒ አካሄድ የጨረሩን መዳከም ይናገራል። ብዙ ስሌቶች ኦክስጅኑን ከታየው ጋር አቀራርበው ሲያወጡ የካርቦኑን መጠን ግን ከታየው አሳንሰው ያወጣሉ። ከዋክብቱ በቂ ካርቦን አልሠሩ ይሆናል፤ የሠሩት ከጋላክሲው ርቆ ወደ ስሱ ጋዝ አልተገፋ ይሆናል፤ ወይም ብርቱው ጨረር በጋላክሲዎች አጠገብ ከአማካዩ ይበልጥ ይጠነክር ይሆናል። ሦስቱም ጉድለቱን ይሞላሉ፤ ግን በካርቦኑ መስመርና በአቅራቢያው ጋላክሲ መካከል የሚተነብዩት ርቀት የተለያየ ነው። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በእነዚሁ ኳሳሮች ዙሪያ ያሉትን ትናንሽ ጋላክሲዎች በኦክስጅን ጨረራቸው እየለየ ርቀታቸውን መዝግቧል። ካርቦኑ ከጋላክሲዎቹ ተጠግቶ ከተገኘ ጥፋቱ በጨረሩ ስሌት ላይ ይወድቃል፤ ርቆ ከተገኘ ደግሞ የሱፐርኖቫው ግፊት ቀመር እንደገና መጻፍ አለበት።